«ወራጅ አለ!» ሲባል የሚቆመው ሳይክል የቱ ነው? ለሐዋሳ መንገድ ሳይክል መምረጫ

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ባለፈው ሳምንት ብቅ አሉ። ልጃቸው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ጀምራለች። «የባጃጅ ጥበቃ አማርሯታል፤ ሳይክል ልገዛላት ነው። አንተ መቼም ከሳይክል ወርደህ አታውቅም፤ የቱን ልግዛላት?» አሉኝ። ለአንድ ስኒ ቡና የሚበቃ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ከአቦል ጀምረን በረካው ላይ ስንደርስም አልጨረስንም።

ሱቅ ብትሄዱ መጀመሪያ የሚነገራችሁ የማርሽ ብዛት ነው። «21 ማርሽ አለው፣ ሾክ አለው፣ ቀለሙ አይለቅም።» ሐዋሳ ውስጥ 21 ማርሽ ምን ያደርግልኛል? ታቦርና አላሙራ ላይ ካልወጣሁ በቀር ዳገት የሚባል ነገር አያገኘኝም። ከተማዋ ሐይቅ ዳር የተዘረጋች ሜዳ ናት። በየቀኑ የሚገጥመኝ ሌላ ነው። ከፊቴ ባጃጅ ይሄዳል። ከውስጥ አንድ ሰው «ወራጅ አለ!» ይላል። ባጃጁ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ቀጥ ይላል። እኔ ከኋላው ነኝ።

እኔ ሳይክል የምመዝነው በዚያች ቅጽበት ምን ያደርጋል እያልኩ ነው። ምናልባት አንዳንዱ ሰው በፍጥነት ወይም በመልክ ይመዝን ይሆናል። ያ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በፒያሳ ወይም በአቶቴ አልፎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በምን እንመዝን?

አንደኛው ፍሬን ነው። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሳይክል ደህና ፍጥነት ነው፤ የሚያስደንቅ አይደለም። በዚህ ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ትሄዳላችሁ። የአንድ ባጃጅ ርዝመት ከ2 ሜትር ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ ሰከንድ ሁለት ባጃጅ ታልፋላችሁ። ዓይን አይቶ ጣት ፍሬኑን እስኪጨብጥ አንድ ሰከንድ ያህል ይሄዳል። ፍሬኑ ገና ሥራ ሳይጀምር ሁለት ባጃጅ በላችሁ ማለት ነው። ከዚያ ደህና ፍሬን በደረቅ አስፋልት በ4 ሜትር ገደማ ያቆማችኋል። የኋላ ፍሬን ብቻ ካላችሁ 6 ሜትር አካባቢ ይፈጃል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል።

በዝናብ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚወስነው በአብዛኛው ቸርኬው ነው። የብረት ቸርኬ ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተትበታል። አሉሚኒየም ይሻላል። ዲስክ ፍሬን ደግሞ መሬቱ ላይ ካለው ውሃና ጭቃ ስለሚርቅ ብዙም አይረበሽም። ይህን ያወቅሁት በአንጓዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ እያካፋ፣ የብረት ቸርኬ ያለው ሳይክል ላይ ነበርኩ። የፊት ፍሬኑ ከተበጠሰ ወር አልፎታል፤ ነገ ነገ እያልኩ። ባጃጁ ቆመ። የኋላውን ጨበጥኩ። ሳይክሉ አልሰማኝም። ሄጄ ጀርባው ላይ ተለጠፍኩ። የግራ አንጓዬ ተሰንጥቆ ስድስት ሳምንት በጄሶ ከረምኩ። ሾፌሩ ወርዶ «ወንድሜ፣ አላየኸኝም እንዴ?» አለኝ። አይቼዋለሁ። የሚያናድደውም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳይክል ልገዛ ስሄድ ማግኔት ይዤ ነው የምሄደው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል። ቸርኬው ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው። ካልተጣበቀ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ሻጩ ይስቃል። ይሳቅ።

ሁለተኛው አቀማመጥ ነው። ቀና ብሎ የሚያስቀምጥ ሳይክል ከባጃጁ ጣሪያ በላይ ባያሳይም በመስኮቱ አሻግሮ ያሳያል። አንገት አዙሮ ኋላን ለማየትም ይመቻል። የሚያጎነብስ ሳይክል ላይ የምታዩት የራሳችሁን የፊት ጎማ ነው። ሾፌሮችም ቀና ያለ ሰው ቶሎ ይታያቸዋል።

ሦስተኛው ጎማ ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ኮብልስቶን ነው። አስፋልቱ ጠርዙ የተቆረሰበት ቦታ አለ። የውሃ መውረጃ ክዳንም እንደ ዕድል ነው፤ አንዳንዱ አለ፣ አንዳንዱ የለም። ቀጭን ጎማ እዚያ ክፍተት ውስጥ ይገባል፤ ሰፊው አልፎት ይሄዳል።

አራተኛው ጥገና። ሰፈራችሁ ያለው ሳይክል ጠጋኝ ዕቃውን አለው ወይ? ከሌለው ሳይክሉ አንድ ቀን ፍሬን አልባ ሆኖ ይነዳል። እንደ እኔ።

ዋጋ፣ ጭነትና ስርቆት ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። የብር ቁጥር አልጽፍም፤ ጽፌ ሳልጨርስ ይለወጣል። እርስ በርስ እያነጻጸርኩ እነግራችኋለሁ።

ትልቁ የድሮ ሳይክል

አባቶቻችን የነዱት ነው። ማርሽ የለውም። ጎማው ባለ 28 ነው። ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ከኋላው ጆንያ ብትጭኑ «አመሰግናለሁ» የሚል ይመስላል።

አቀማመጡን የሚያህል የለም። ንጉሥ ሆናችሁ ነው የምትሄዱት። ትልቁ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ሳይንገጫገጭ ይንከባለላል። ፓራፋንጎ አለው፤ ክረምት ላይ ጀርባችሁ ላይ የጭቃ መስመር አይሥልባችሁም። የካቴና መከላከያ ስላለውም ሱሪ አይበላም። ቀሚስ ለሚለብሱ ደግሞ መሐል ብረቱ ዝቅ ያለ «የሴት» የሚባለው ዓይነት አለ። ወንድም ቢነዳው የሚከለክል ሕግ የለም፤ ለመውረድ እንዲያውም እሱ ይሻላል። ዕቃው የትም ይገኛል። ሌባም እንደሌሎቹ አይጎመጅበትም።

ችግሩ ፍሬኑ ነው። ብዙዎቹ በብረት ዘንግ የሚጎተት ፍሬንና የብረት ቸርኬ ነው ያላቸው። በጋ ላይ ያዘግማል እንጂ ይቆማል። ክረምት ላይ ግን ቀድማችሁ መጨበጥ አለባችሁ፤ ላስቲኩ ውሃውን እስኪጠርግ ትንሽ ይቆያል። መፍትሔ አለው። ጠጋኙ የፊቱን ቸርኬ በአሉሚኒየም ለውጦ የሽቦ ፍሬን ሊገጥምለት ይችላል። ወጪ ነው፤ ግን ከሌላ አዲስ ሳይክል ይረክሳል። የእኔ አሁን እንደዚያ ነው።

ማውንቴን

አሁን ሱቁን የሞላው እሱ ነው። ወጣቶች ሌላ አያዩም። ጎማው ባለ 26፣ ሰፊ፤ ጉድጓድ አይፈራም። ደህና የሆነው ማውንቴን የአሉሚኒየም ቸርኬና ከሁለቱም ጎን የሚጨብጥ የሽቦ ፍሬን አለው። ይህ ለሐዋሳ በቂ ነው፤ እንዲያውም ከበቂ በላይ። ዋጋው ከድሮው ሳይክል ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያገለገለ ከተገኘ ይቀራረባል።

ችግሩ «ማውንቴን» የሚለው ስም ሁሉንም የሚሸፍን መሆኑ ነው። ርካሹ ላይ ሾኩ ጌጥ ነው፤ ክብደት ይጨምራል እንጂ አይተጣጠፍም። ዲስክ ፍሬን ያለው ርካሽ ሳይክል ስታዩም አትቸኩሉ። ዲስክ ጥሩ የሚሆነው ሲስተካከል ነው። ሽቦው ረግቦ፣ ዲስኩ ተጣሞ «ሽክ ሽክ» የሚል ከሆነ ደህና የሽቦ ፍሬን ይበልጠዋል። ሰፈራችሁ ውስጥ የዲስክ ሸራ የሚለውጥ ጠጋኝ መኖሩንም ጠይቁ። እኔ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ አሉ፤ «ጋሼ፣ ይሄን ዲስክ ይዩልኝ» ብዬ አንዱን ስወስድላቸው ግራና ቀኝ አዩትና «ልጄ፣ ይሄ መኪና ነው ሳይክል?» አሉኝ።

ማርሹም ይበላሻል። ሲበላሽ ብዙ ሰው አንዱ ላይ አስሮት ይነዳል። 21 ከፍሎ በአንድ መሄድ ማለት ነው። ሰባት ማርሽ ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

ፓራፋንጎና የዕቃ መጫኛ አብሮት አይመጣም። አስገጥሙለት።

ኮርሳ

አጭር ልሁን። ኮርሳ፣ ማለትም የውድድሩን ሳይክል፣ እወዳለሁ። እሁድ ማለዳ ወደ ሻሸመኔ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነፋሱን እየሰነጠቁ መሄድን የመሰለ ነገር የለም። ለከተማ ግን አይሆንም። ጎማው የአውራ ጣት ውፍረት ነው። አቀማመጡ ያጎነብሳል። ዕቃው አይገኝም። መሪው ላይ እጃችሁ የት እንዳለ እስክታስቡ «ወራጅ አለ» ተብሎ አልፏል።

የኤሌክትሪክ ሳይክል

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ሁሉ ወሬው በዝቷል። ሳይክሉም አብሮ መጣ። ላብ የለም። ከቱላ ተነስቶ ከተማ ድረስ ለሚመላለስ ሰው ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ትልቅ ነገር ነው።

ሦስት ነገር ግን ጠይቁ። መጀመሪያ ባትሪው። 36 ቮልት፣ 10 አምፒር ሰዓት የሆነ የሊቲየም ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሜዳ ላይ ፔዳል እየረዳችሁት ከ25 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ርካሾቹ እንደ መኪና ባትሪ ያለ የእርሳስ ባትሪ ነው ያላቸው። ከባድ ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ሁለተኛ መብራት። ማታ ሲጠፋ ጠዋት ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ? ባትሪው ሲያልቅ በፔዳል መሄድ የሚችለውን ምረጡ። 25 ኪሎ ሳይክል መግፋትን ሞክራችሁ እዩት።

ሦስተኛው የእኔ ጉዳይ ነው፤ ፍጥነት። ፔዳል ሳይረገጥ በሰዓት 30 የሚሄድ አለ። በ30 ላይ አንድ ሰከንድ ማለት ከሦስት ባጃጅ በላይ ነው። ፍሬኑ ከያዘ በኋላ የሚፈልገው ርቀትም ከ20ው በእጥፍ ይበልጣል። ድምፅ ስለሌለው እግረኛው አይሰማውም፤ ባጃጁም ሳይክል ነው ብሎ በዝግታ ትመጣለህ ብሎ ያስባል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሳይክል ከገዛችሁ የፊት ዲስክ ፍሬን ግዴታ ነው። ሌላው ላይ ምክር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ካልሆነ አትግዙ።

ሠንጠረዡ

| መመዘኛ | ትልቁ የድሮ ሳይክል | ማውንቴን | ኮርሳ | ኤሌክትሪክ |
|---|---|---|---|---|
| ፍሬን በበጋ | መካከለኛ | ጥሩ | ጥሩ | እንደ ፍሬኑ |
| ፍሬን በዝናብ | ደካማ፤ ከተቀየረ ጥሩ | ጥሩ፣ አሉሚኒየም ከሆነ | መካከለኛ | ዲስክ ከሆነ ጥሩ |
| አቀማመጥና እይታ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ደካማ | ጥሩ |
| ኮብልስቶን ላይ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | መጥፎ | ጥሩ |
| ጥገና በሰፈር | ቀላል | ቀላል፤ ዲስኩ ይከብዳል | ከባድ | ከባድ |
| ጭነትና ሰው | በጣም ጥሩ | መጫኛ ካስገጠሙለት | የለውም | ጥሩ |
| የስርቆት ስጋት | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ |
| ዋጋ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ከሁሉም ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

እጅ ላጠረው ሰው፦ ያገለገለ ትልቅ ሳይክል ገዝቶ ያተረፈውን ብር ፍሬኑ ላይ ያውል። የፊት ቸርኬና አዲስ የፍሬን ላስቲክ። ቀለም አያስቀባ።

ለተማሪና ተረኛ ሠራተኛ፣ ማለትም ለጎረቤቴ ልጅ፦ ሾክ የሌለው፣ ሰባት ማርሽ ያለው፣ አሉሚኒየም ቸርኬና የሽቦ ፍሬን ያለው ማውንቴን። ፓራፋንጎና መብራት ይጨመርበት። የማታ ተራ ካላት መብራቱ ከማርሹ ይቀድማል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ የምትርቀው 7 ዲግሪ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ወዲህ ወዲያ ትጠልቃለች፤ ጨለማውም ዱብ ይላል። ከኋላ ቀይ፣ ከፊት ነጭ። የስልክ መብራት አፍ ውስጥ ይዞ መንዳት መብራት አይባልም። አይቻለሁ እኮ።

ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ፦ ትልቁ ሳይክል፣ ዝቅ ያለ መሐል ብረት ያለው፣ ፍሬኑ የተቀየረ። ሰው ሲጫን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ስለሚጨምር ያልተቀየረውን ለዚህ አልመክርም። የልጁ እግር ጎማው ውስጥ እንዳይገባ መከላከያ አሠሩለት።

ዕቃ ለሚያደርስ ሰው፦ ቀኑን ሙሉ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ያዋጣው ይሆናል። የሚያድርበት ቦታ በር ያለውና የሚቆለፍ ከሆነ ብቻ።

አልፎ አልፎ ብቻ ለሚነዳ፦ አይግዛ። ይከራይ፤ ለቀረው ባጃጅ አለ።

መንገዱስ?

ጎረቤቴን ያሳሰባቸው ሳይክሉ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ልጅቷ በየት ትሄዳለች የሚለው ነው። ጥሩ ሳይክል ይዞ በመጥፎ ሰዓት በመጥፎ መንገድ የሚሄድ ሰው መጥፎ ሳይክል ከያዘው ሰው ብዙ አይሻልም።

ምርጫው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ዋናው አስፋልት ነው። ለስላሳ ነው፣ ያፈጥናል። ግን ከሻሸመኔና ከዲላ በኩል የሚመጣው ሲኖትራክ፣ አይሱዙና አባዱላም እዚያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የተሽከርካሪዎች አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል። ሌላው የውስጥ ኮብልስቶን ነው። ያንገጫግጫል፣ አምስት ደቂቃ ያስረዝማል። ግን እዚያ ላይ ማንም መፍጠን አይችልም። ባጃጁም እንደ እናንተው ይንገጫገጫል። እኔ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ኮብልስቶኑን ነው የምይዘው። ሌላ ሰዓት አስፋልቱ ይሁን።

አስፋልት ላይ ግድ ከሆነባችሁ፦ ከቆመ መኪና አንድ ሜትር ራቁ፤ በር ሲከፈት የሚወስደው ቦታ ያን ያህል ነው። ከቆመ ባጃጅ በቀኝ አትለፉ፤ ወራጁ የሚወርደው በዚያ ነው። ሲኖትራክ መታጠፊያ ላይ ከቆመ በቀኝ ጎኑ አትግቡ። ሾፌሩ ስፖኪዮው ውስጥ አያያችሁም። ከኋላው ቆይታችሁ አቧራውን ብትጠጡ ይሻላል። አደባባይ ላይ ጥግ ጥጉን አትያዙ፤ መሐሉን ያዙና እጃችሁን አሳዩ። ክላክስ ይነፋባችኋል። የሚነፋባችሁ አይቷችኋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልብሰልሰል። የባጃጅ ሾፌር ሁሌም «ሳይክሎቹ ናቸው መንገድ የሚዘጉት» ይላል። የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ትራንስፖርት ባለሥልጣናት ማኅበር መመሪያ ላይ ያለው ሌላ ነው። 3 ሜትር ስፋት ያለው አንድ መስመር በግል መኪና በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው ስፋት ለብስክሌት ተከልሎ ቢሰጥ እስከ 7,500 ያሳልፋል። አገራችንም ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። የተከለለው መስመር እኔ የምሄድበት መንገድ ላይ እስኪደርስ ድረስ ኮብልስቶኔን አለቅም።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ሄልሜት ከሳይክሉ ዋጋ ጋር አብራችሁ አስቡ። 40 ጥናቶችንና ከ64,000 በላይ የተጎዱ ሳይክለኞችን ያጠቃለለ ሥራ ሄልሜት ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን ዕድል በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ። አንዴ የተመታ ከሆነ ውስጡ ተሰንጥቆ ላይታይ ይችላል።

ሳይክሉን ሱቁ ደጃፍ ላይ አትሞክሩት። ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ውሰዱት። አንድ ሃይላንድ ውሃ ያዙና የፊቱና የኋላው ቸርኬ ላይ አፍስሱ። በሩጫ ያህል ፍጥነት ሂዱና ሁለቱንም ፍሬን ጨብጡ። ከሁለት ባጃጅ ርዝመት በላይ ከሄደ ዋጋ ይቀነስ ወይም ፍሬኑ ይቀየር። ሁለቱን እጀታዎች ለየብቻቸው ጨብጡና የትኛው የፊቱ እንደሆነ እወቁ፤ ከሳይክል ሳይክል ይለያያል። መቀመጫው ላይ ሆናችሁ የእግራችሁ ጣት መሬት መንካት አለበት። ከሥሩ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንሱ፤ ደረሰኙ ላይም ያጽፉላችሁ። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ከማን እንደገዛ ይናገር። ካፈረ እናንተም አትግዙ።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ሰምተው «እኔ እኮ የጠየቅሁህ ቀለሙን ነበር» አሉኝ። ቅዳሜ ዕለት ሄደው ሰማያዊ ማውንቴን ገዙላት፤ ሰባት ማርሽ፣ የሽቦ ፍሬን። ማግኔቴን ተውሰው ነበር የሄዱት። እስካሁን አልመለሱልኝም፤ ፍሪጃቸው ላይ የመብራት ቢል ይዞላቸው አየሁት።